ጦጣዋ በትርንጎ ኩታ ላይ

በባላምባራስ ማሩ ቤት እኔ ስገባ መጋረጃ ይሰቀላል። ለክብሬ እንዳይመስላችሁ። የሚሰቀለው ዓይኔ ምግብ ላይ እንዳያርፍ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ እኔም ቀጥቃጭ ነኝ። ደብረ ታቦር ማጭዱን፣ ማረሻውን፣ የፈረሱን ልጓም ከእጃችን ተቀብሎ ሲያበቃ «የቡዳ ዘር» ይለናል። በሠራንለት ቢላ ሥጋውን ይቆርጣል፤ ሥጋውን ግን ከእኛ ይደብቃል። ቢላው ካላስፈራ እኔ ምኔ ያስፈራል? ይህን የመለሰልኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

የዚያን ቀን የተሰቀለው መጋረጃ ግን የትርንጎ ኩታ ነበር።

ትርንጎ የባላምባራስ ልጅ ናት። ኩታውን አውቀዋለሁ፤ ፈትሉን ራሷ ፈትላ ለሠርጓ ያሸመነችው ነው። ከኩታው ወዲያ የእብናት ሽማግሌዎች ልጃቸውን ዘውዱን ይዘው፣ እሷን ሊጠይቁ መጥተው ዳቦ ይቆርሳሉ። ከኩታው ወዲህ እኔ በሩ ሥር ከአንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ጋር ተቀምጫለሁ። ሲያኝኩ ይሰማኛል። ማየት ነው የተከለከልኩት።

የተዋወቅነው ጋፋት ነው፤ ንጉሡ መድፍ የሚያስቀልጡባት፣ ፈረንጆቹ የሰፈሩባት ጋፋት። እዚያ ሙሴ ሉካስ ለሚባል ፈረንጅ ብረት እመታለሁ። መጀመሪያ የመጣችው የአባቷን የተሰበረ ማጭድ አስይዛ ነበር። አገልጋዮቿ ከአጥሩ ውጭ አፍንጫቸውን ሸፍነው ቀሩ፤ እሷ ግን ገባች። ወናፉ ሲነፋ ጎንበስ ብላ እሳቱን አየችና፣

«ብረቱ ሲግል ያመዋል እንዴ?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። «ሳልጠይቀው ቀረሁ» አልኳት።

«እንግዲያው ጠይቅልኝ። መልሱን ተመልሼ እወስዳለሁ።»

ተመለሰች። በዚያ ክረምት በባላምባራስ ቤት ያልተሰበረ ማጭድ፣ ያልተጣመመ መጥረቢያ አልተገኘም። ባላምባራስ «ቤቴን ምን ነካው?» እያሉ ሲያማርሩ፣ እኔ ጋፋት ሆኜ ስብራቱን እያየሁ ብቻዬን እስቃለሁ። በድንጋይ ተቀጥቅጦ ሆን ተብሎ የተሰበረ ብረት ያስታውቃላ። ስትመጣ እሳቱን ታያለች፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ ዓይኔን። የማቀረቅረው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከመቀነቷ የሽምብራ ቆሎ ፈታች። አንዲት ፍሬ ወደ አፏ ስታደርስ ቀና አለች፤ ማየቴን አየች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ በላች።

መዶሻዬን አነሣሁ። ልጅ ሳለሁ መምሬ ሞላ፣ ዳዊት ሳልደግም፣ «የቀጥቃጭ ልጅ ከተማሪዎቼ ጋር ገበታ አይቀርብም» ብለው ሲያባርሩኝ እንኳ እንደዚያ አላመመኝም። እሳቸው መቼም እሳቸው ናቸው። ከትርንጎ ግን አልጠበቅኩም።

ከመስቀል በኋላ ታመመች። ንዳድ ጣላት። ቤተ ዘመዱ የቡዳ ነው ብሎ እንደ ልማዱ ጭስ አጨሰባት። ልማዱ እንዲህ ነው፤ በሽተኛዋን በጭስ አፍነው «ማን በላሽ?» ይሏታል፤ የጠራችው ሰው እሱ ነው በላተኛዋ። ይግባኝ የለውም።

«ማን በላሽ?» አሏት።

«ጥበቡ» አለች።

ጥበቡ እኔ ነኝ።

ወሬው በማግስቱ ጋፋት ገባ። ጎጆዬን በድንጋይ ደበደቡት፤ ሙሴ ሉካስ ጠመንጃውን ይዞ ደጄ ላይ ባይቆም ኖሮ ይህን አላወራም ነበር። እሷ ዳነች። እኔ አልዳንኩም። ስንት ቀጥቃጭ ባለበት አገር የኔን ስም መርጣ ጠራች። ያን ሁሉ ማጭድ የሰበረችው ስሜን ለማጥናት ኖሯል? ጠልቼሻለሁ ልላት በልቤ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ስለዚህ ባላምባራስ ሙሴ ሉካስን «ያቺን ሥዕል የምታሳይ የጥላ ሳጥንህን አምጣና እንግዶቼን አስደንቅልኝ፤ ያንን ልጅም አስከትል» ብለው ሲልኩበት ገረመኝ። እኔን ለምን? ምክንያቱን የነገሩኝ የትርንጎ አክስት እመይቴ ፈንታነሽ ናቸው። ደጅ ላይ ጠብቀው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጥለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣

«ስማ አንተ ልጅ» አሉኝ። «ከጨዋታው በኋላ ሽማግሌ ፊት ትቆማለህ። እንትፍ ትልባትና ‹ለቅቄያታለሁ› ትላለህ። እብናቶቹም የነጻች ሙሽራ ይወስዳሉ፤ አንተም በሰላም ትገባለህ።»

«እንትፍ ካልኩ እኮ ቡዳ ነኝ አልኩ ማለት ነው፣ እመይቴ።»

«ታዲያ አይደለህም?»

ለክፋት አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። የባሰ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

«እምቢ ብልስ?»

«አሽከሮቹ ጅራፍ ይዘው ጓሮ ናቸው። እኔ አላየሁህም፤ ምንም አልነገርኩህም።»

እንግዲህ ነገሩ አንዲት ምራቅ ነው። አንዲት ምራቅ ተፍቼ ትርንጎን ለዘውዱ እሰጣለሁ፤ ራሴን፣ ልጆችም ቢኖሩኝ ልጆቼን፣ በገዛ አፌ ቡዳ አደርጋለሁ። ወይም እገረፋለሁ። ይህን በሆዴ ይዤ ነው በሩ ሥር የተቀመጥኩት።

በልተው ሲያበቁ ሙሴ ሉካስ ኩታውን አይቶ አጨበጨበ።

«ነጭ! በጣም ጥሩ ነጭ! አታውርዱ!» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው።

ለዓይኔ መከለያ የተሰቀለው ኩታ ለሥዕሉ ሜዳ ሆነ። እንግዶቹ ወደ እኔ በኩል ተሻግረው ፊታቸውን ወደ ኩታው አድርገው ተቀመጡ። በሩ ሲዘጋ ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ጨለመ። በሳጥኗ ሆድ ውስጥ ያለውን የኑግ ዘይት መብራት ለኮስኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሥዕሉ መስታወት ላይ ነው የተሳለው። መስታወቱን ገልብጬ፣ የሰውን ራስ ወደ ታች እግሩን ወደ ላይ አድርጌ ከመብራቱ ፊት አስገባዋለሁ፤ ኩታው ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ቀጥ ይላል። ቀጥ አድርጌ ካስገባሁት ደግሞ ይገለበጣል። ለምን እንደሆነ ሙሴ ሉካስን ብጠይቀው «ብርሃን እንዲህ ነው» አለኝ። አንዳንዱ ሥዕል ሁለት መስታወት ነው፤ አንዱን በሌላው ላይ ሳንሸራትተው ጦጣዋ እጇን ትዘረጋለች፣ አዞው አፉን ይከፍታል።

ኩታው ላይ ጫካ በቀለ። ቅጠላቸው እንደ ቁና የሰፋ ዛፎች፣ እንደ እባብ የተንጠለጠለ ሐረግ፣ ከመካከሉ አንድ ሆዱ የገፋ ፈረንጅ፤ በአንድ እጁ ጠመንጃ፣ በሌላው ቀይ ጃንጥላ።

«በስመ አብ!» አሉ ከባላምባራስ አጠገብ የተቀመጡት መምሬ ሞላ።

«ይህ ቆላ የት ነው?» አሉ አንድ የእብናት ሽማግሌ። «የኛ ቆላ እንዲህ አይለመልምም።»

«ባሕር ማዶ» አለ ሙሴ ሉካስ። «በጣም ሩቅ። በጣም ሙቅ።»

«ሙቅ ከሆነ ይህን ሁሉ ልብስ ለምን ደረበ?» አለ ዘውዱ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እውነት ለመናገር ደኅና ጥያቄ ነበር። ዘውዱን ለመጥላት ብዙ ተቸግሬያለሁ።

መስታወቱን አንሸራተትኩ። ጦጣዋ ከቅርንጫፉ እጇን ሰድዳ የሰውየውን ባርኔጣ ላፍ አደረገች።

«ያዛት! ኧረ ያዛት!» ብለው እመይቴ ፈንታነሽ ብድግ አሉ።

ሰውየው ጠመንጃውን ወደ ላይ ቢደግን ጦጣዋ ቅል የሚያህል ፍሬ መላጣው ላይ ለቀቀችበት። ወንዝ ውስጥ ወደቀ። አዞው ከኋላው አፉን ከፈተ፤ ዘጋ፤ ከፈተ።

«አለቀለት» አሉ መምሬ ሞላ። «ነፍስ ይማር።»

መስታወት ቀየርኩ። ሰውየው ጃንጥላውን ዘርግቶ አዞው ጀርባ ላይ እንደ በቅሎ ተቀምጧል።

«አልሞተም!»

«እንዴት ነው የማይሞተው? ምን ቢያስር ነው?»

«ይህን ክታብ ለሱ የጻፈለትን ሰው ባገኘሁት!»

«ቆይ እስቲ፣ ጦጣዋስ? ባርኔጣውን ይዛ የት ገባች?»

እመይቴ ፈንታነሽ ቀስ ብለው ተነሥተው የኩታውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ከኋላው አዩ።

«ምን አገኙ?» አላቸው ዘውዱ።

«ምሰሶውና የተረፈው ዳቦ ብቻ ነው ያለው» አሉ፣ እንደ ተታለለ ሰው ቅር ብሏቸው።

ባላምባራስ እንኳ ከመደባቸው ወደ ፊት ተስበው፣ አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ ቅንድባቸው ተሰቅሎ ነበር። እኒያ ሲያዩኝ ፊታቸው የሚቋጠር ሰው! ለማየት የጓጓ ሰው ፊት እንዴት ያምራል። እነሱ ሲያዩ ጉጉት ነው፤ እኔ ሳይ ነው ቡዳ የምሆነው።

በዚህ መካከል ከጓዳ ትርንጎ ወጣች።

ከታመመች ወዲህ አላየኋትም ነበር። ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው፤ ገና ከመግባቷ ጫካውን አየች፣ ሳጥኗን አየች፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ በዓይኗ ተከትላ እኔ ላይ ደረሰች። እዚያው ቆመች።

ዓይኔን ከእሷ ሳላነሣ የያዝኩትን መስታወት እንደ መጣልኝ ሰካሁት።

ሰውየው በእግሩ ከሰማይ ተንጠለጠለ። ዝሆኑ በጀርባው ደመና ላይ ይሄዳል። ወንዙ ከላይ ነው፣ ፀሐይ ከታች ናት። ቤቱ ፈነዳ። የእብናት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተደጋገፉ፤ መምሬ ሞላ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ትርንጎም ሳቀች። ያ ሳቅ ነው እዚህ ጋ የገባኝ፣ ከጎድኔ በታች። በእኔ ነው የምትስቀው አልኩ። በጭስ የጠራችኝ አልበቃ ብሏት።

መስታወቱን አውጥቼ ሌላ አገባሁ፤ ጦጣዋ ባርኔጣውን አጥልቃ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«በሉ ተስቋል» አሉ ባላምባራስ። ወደ ኋላቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ፊታቸውም ተመልሶ ተቋጠረ። «አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ጥበቡ!»

በስሜ ሲጠሩኝ መጀመሪያቸው ነው።

«ከሳጥኑ ኋላ ውጣ። ትርንጎ፣ ነይ ቁሚ። በል አንተ፤ በልጄ ላይ ያለህን ልቀቅ። እንትፍ በልባት።»

ሙሴ ሉካስ ምን እንደተባለ ሳይገባው አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። ተነሥቼ ቆምኩ። አፌ ኩበት ሆኗል። ልትፋ ብል እንኳ የሚተፋ አልነበረኝም።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቅ።»

«እርስዎን አይደለም። እሷን ነው።» ድምፄ ከኔ የወጣ አልመሰለኝም። «ጦጣዋ የት ገባች ብላችሁ ጠየቃችሁ። ሰውየው ለምን አልሞተም ብላችሁ ጠየቃችሁ። ይህን ያህል ጊዜ ግን ‹ስሙን ለምን ጠራሽው?› ብሎ እሷን የጠየቀ የለም። ቡዳ መባሉን ለምጄዋለሁ። ይህን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። ትንገረኝና እተፋለሁ።»

«ጭስ ላይ የተጠራ ስም አይመረመርም» አሉ መምሬ ሞላ።

«ይመርመር» አለች ትርንጎ።

ወደ ብርሃኑ ገባች። ጫካው ከኩታው ላይ ተነሥቶ እሷ ላይ አረፈ። ሐረጉ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ፤ ጦጣዋ ከነባርኔጣዋ ትከሻዋ ላይ ወጣች። ከብርሃኑ የተነሣ እኔን ማየት እንደማትችል አውቃለሁ። ቢሆንም ወደኔ አየች።

«‹ማን በላሽ› ሲሉኝ አልሰማሁም» አለች። «ጭሱ አፍኖኝ ነበር፤ የምሞት መሰለኝ። የምሞት ከሆነ አንድ ሰው አጠገቤ እንዲሆን ፈለግሁ። እሱን ጠራሁት። ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ እርስዎን አይደለም የጠራሁት። እሱን ነው።»

ያን ስም ስንት ጊዜ በልቤ አይቼዋለሁ! ቀጥ አድርጌ አስገብቼው ኖሯል፤ ለዚህ ነው ተገልብጦ የታየኝ።

«ደግሞ የሽምብራው ነገር» አለች፣ ለኔ ብቻ የምትናገር ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፊትህን ሳየው ገብቶኛል። ጀርባዬን የሰጠሁህ እኔ አይደለሁም፤ ከሕፃንነቴ ያስለመዱት አንገቴ ነው። እስክዞር አላወቅሁም። ከዞርኩ በኋላ ደግሞ ለመመለስ አፈርኩ። ቤቴ እስክደርስ እያለቀስኩ ሄድኩ።»

ከኩታው በስተኋላ እጇን ሰድዳ ከገበታው የተረፈ ዳቦ አወጣች።

«ኧረ ልጄን! ኧረ ሸፍኗት!» ጮኹ እመይቴ ፈንታነሽ።

«ይተዉኝ እመይቴ። እየኝ፣ ጥበቡ። ዓይንህን እንዳትነቅል።»

ቆረሰችና በላች።

አዞው አፉን ሲከፍት እንኳ ቤቱ እንዲህ አልተጨነቀም። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አገጯን ያያል፤ ትወድቅ እንደሆን፣ ትንቀጠቀጥ እንደሆን። ጥላዋ ኩታው ላይ ቤት አክሎ፣ ጦጣዋ ሥር ቆሞ ያኝካል፤ መንጋጋው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል።

«አዞው ተመለሰ» አለ ዘውዱ በሹክሹክታ። አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀና ደነገጠ።

ትርንጎ ዋጠች። ትንሽ ጠበቀች፤ ሆዷን በመዳፏ ዳሰሰች።

«አላመመኝም» አለች። «ጨው ግን አንሶታል።»

የእብናት ሽማግሌዎች ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ «ደኅና ዋሉ፣ ባላምባራስ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመሩም። ዘውዱ መጨረሻ ወጣ። በሩ ላይ ቆም ብሎ ወደ ኩታው ዞረ፤ ትርንጎን የሚያይ መስሎኝ ነበር፤ ጦጣዋን ነው ያየው። በሩ ሲከፈት የገባው ፀሐይ ጫካውን አጠፋው፤ ሲዘጋ ተመልሶ በቀለ።

ጅራፉን አሰብኩት። ባላምባራስ አሽከሮቹን ሲጠሩ ለመስማት ጆሮዬን አቆምኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከልጃቸው ትከሻ ላይ አልተነሣም፤ ያው ጦጣዋ ከተቀመጠችበት። ኩታው ለሠርግ የተሸመነ ነው፤ ከእንግዲህ ግን ሊጠይቃት የሚመጣ የለም። እሳቸውም ይህን የሚያስቡ መሰለኝ።

«ለመሆኑ» አሉ በመጨረሻ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባርኔጣውን መለሰችለት?»

አልገባኝም። «ማን፣ ጌታዬ?»

«ጦጣዋ ናታ!»

«አንድ መስታወት ቀርቷል፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አሳየና!»

መምሬ ሞላ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ባላምባራስ ሳያዩአቸው እጃቸውን አነሡ፤ መምሬም አፋቸውን ዘጉ።

«መጀመሪያ ይብላ፣ አባባ» አለች ትርንጎ። ከጫካው ወጥታ ወደኔ መጣች። የቀረውን ዳቦ ዘረጋችልኝ። «ጠዋት ከጋፋት ከወጣ አልቀመሰም። አሁን ደግሞ እኔ ልየው።»

ዳቦውን ተቀበልኩ። ሰውነቴ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ የኛም አንገት ለምዷል፤ ስንበላ ሰው እንዳይሸሸን እኛ ቀድመን እንዞራለን። መለስኩት። ባላምባራስ እያዩኝ፣ እመይቴ ፈንታነሽ በጣቶቻቸው መካከል እያዩኝ፣ ትርንጎ ዓይኗን ሳትነቅል እያየችኝ ጎረስኩ። ብረቱ ያመው እንደሆን ስትጠይቀኝ የነበረው ዓይን ነው። ማኘክ ጠፋኝ። መንጋጋዬ የሰው ሆነብኝ።

ጨው አንሶታል ያለችው የእሷ ቁራሽ ይሆናል። የኔ ግን ከዚያ ከሚፈሩት ዓይኔ የወረደው እንባ ነክቶት ጨዋማ ነበር።